ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ጃኬትና የተከራየሁት የመኝታ ከረጢት

ጎንደር ተወልጄ አድጌ የሰሜን ተራሮችን ያየሁት ዘንድሮ ነው። ጥቅምት ላይ ከሦስት የሥራ ጓደኞቼ ጋር አራት ቀን በእግር ሄድን። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚባሉ ቦታዎች አደርን። አስጎብኚያችን፣ ስካውቱ (አብሮን የሄደው የፓርኩ ጠባቂ) እና በቅሎ ጫኞቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እዚህ የምጽፈው ግን ከመነሳታችን በፊት ከተማ ውስጥ ስለገዛሁትና ስለተከራየሁት ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ጃኬቱ። ፒያሳ አዲስ የዝናብ ጃኬት ጠይቄ ዋጋው አስደነገጠኝ። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። አንዲት እናት ክምሩን ገለባብጠው ሦስት አወጡልኝ። "ውሃ ያስገባ እንደሁ በምን አውቃለሁ?" ስላቸው "ሃይላንድሽን አምጪ ልጄ" አሉኝና ትከሻው ላይ አፈሰሱበት። የመጀመሪያው ጠጣው። ሁለተኛው በስፌቱ በኩል አሳለፈ። ሦስተኛው ላይ ግን ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠብታ ተንከባለለ። 900 ብር ከፈልኩ። ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ያስለብሳል፣ ቆቡም ሰፊ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ግጭ ስንወጣ ጉም መጣ፤ ተከትሎም ዝናብ። አንዷ ጓደኛዬ ጃኬቷን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከታዋለች። ሻንጣው በቅሎ ላይ ነው፤ በቅሎዋ ደግሞ ቀድማን ሄዳለች። በቅሎ ላይ የተጫነ ዕቃ እስከ ማታ አይገኝም። የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ ውሃና ቆሎ ጀርባችሁ ላይ ይሁን። ደግሞ ጎማ ያለው ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። በቅሎ ጫኝ የሚወደው በገመድ የሚጠፈር ለስላሳ ሻንጣ ነው። እኔ ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሻንጣውን እንዳለ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩት። አንድ ካልሲ እንኳ አልረጠበብኝም።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። የመኝታ ከረጢቱን ከአንድ አከራይ ቤት በሌሊት 150 ብር ሂሳብ ወሰድኩ። "ለብርድ ተብሎ የተሠራ ነው" አለኝ፤ አመንኩት። አልዘረጋሁትም፣ ዚፑንም ስቤ አላየሁትም። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር ብዙ አትርቅም፤ ግጭ ግን 3,600 ሜትር ነው። ማታ ዚፑ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ተተረተረ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ያን ሌሊት ገባኝ። ሹራብ፣ ጃኬት፣ ሁለት ካልሲ ደርቤም ተንቀጠቀጥኩ። ያዳነኝ እናቴ በግድ ያስያዘችኝ ጋቢ ነው። አራት ድርብ ጋቢ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ መግባት፣ በቃ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለቀን ግን አይሆንም። ጥጥ አንዴ ከረጠበ እዚያ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ይከብዳል፣ ገላንም ያቀዘቅዛል። ለቀን ፖሊስተር ቲሸርትና የሱፍ ሹራብ ይሻላል።

ስንመለስ ለአከራዩ ነገርኩት። "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" ብሎ ካስያዝኩት ገንዘብ ግማሹን ቆረጠብኝ። በጣም ከፋኝ። እናንተ እዚያው ሱቁ ወለል ላይ ዘርግታችሁ ግቡበት። ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ፎቶም አንሱት።

ጫማዬ ሁለት ዓመት ያደረግሁት ስለነበር እግሬን አልነካኝም። አዲስ ገዝታ የመጣችው ጓደኛችን ግን እሜት ጎጎ ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ላይ፣ ያን የመሰለ ገደል ከፊቷ ተዘርግቶ ተረከዟ ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ እናቴን ይዤ በመኪና ሳንቃበር እመለሳለሁ። ጭላዳዎቹን ማየት ትፈልጋለች። የፊታችን ቅዳሜ ሃይላንዳችንን ሞልተን እኚያ እናት ጋ እንሄዳለን።