ሚልኪትራከር፦ ሙዚቃ ለሚተይብ ጣት

ሥራዬ መተየብ ነው። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል ስጽፍ እውላለሁ። ፎቶ ኮፒም አለን። ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። «ዘፈን እየሠራሁ ነው» ስለው ወንድሜ በሳቅ ቢሞት አልፈርድበትም።

የሠራሁበት ፕሮግራም ሚልኪትራከር ይባላል። ነጻ ነው። ክራክ አይፈልግም፣ ምዝገባ አይፈልግም። ይሄን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አምና አንድ ሱቅ «ትልቁ የሙዚቃ ፕሮግራም» ብለው በፍላሽ ሸጡልኝ። ፕሮግራሙ አልከፈት አለ፣ ቫይረሱ ግን ወዲያው ሠራ። የደንበኞች ፋይል በሙሉ ሾርትከት ሆኖ አደረ። ይሄኛው ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ አውርዶ መክፈት ብቻ። የሱቃችን ኮምፒውተር 2 ጊጋ ራም ነው ያለው፤ ወርድና ብራውዘር አንድ ላይ ሲከፈቱበት ያቃስታል። ሚልኪትራከርን ግን ከቁም ነገርም አልቆጠረው።

መጀመሪያ ሲከፈት ያስደነግጣል። ደቃቅ ፊደል፣ የተጨናነቀ በተን፣ መሃል ላይ ደግሞ በቁጥር የተሞላ ገጽ። ኖታው ከግራ ወደ ቀኝ አይሄድም። እንደ ረጅም ደረሰኝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ የሚያወጣ መስመር ነው፣ በየረድፉ አንድ ድምፅ ይቀመጣል። ማጫወቻው የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ራሱ ነው፦ የታችኛው የፊደል ረድፍ አንድ ኦክታቭ፣ የላይኛው ቀጣዩ ኦክታቭ። ፊደሉን ስትነኩት ኖታው ይጻፋል፣ ጠቋሚው ወደ ታች ይወርዳል። በቃ፣ ሙዚቃ ይተየባል ማለት ነው። ያኔ ነው ልቤን የወሰደው። ቀኑን ሙሉ የማደርገው ይሄንኑ አይደል?

አሠራሩ የመጣው ከድሮዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ቦብ ያነስ የነደፋት ሲድ የምትባል የድምፅ ቺፕ ነበረችው። በአንድ ጊዜ ማውጣት የምትችለው 3 ድምፅ ብቻ ነበር። ማሽኑ ፕሮግራሙን የሚጭነው ከካሴት ነበር፤ እኛ ቤት ካሴት ለዘፈን ብቻ በነበረበት ዘመን። ቀጥሎ የመጣው አሚጋ 4 ቻናል ነበረው። ለእሱ ነው በ1987 ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ አልቲሜት ሳውንድትራከርን የሠራው፤ ትራከር የሚባለው ስምም የቀረው ከዚያ ነው። ሚልኪትራከር ደግሞ በዋናነት የተቀዳው ትራይተን የሚባል የስዊድን ቡድን በ1994 ካወጣው ፋስት ትራከር 2 ላይ ነው። ዴሞሲን የሚባሉት ወጣቶች እነዚህን ማሽኖች እስከ ጥግ ድረስ እየገፉ፣ ምስልና ሙዚቃ አዋህደው አዳራሽ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር። ዛሬም ይወዳደራሉ። ፊንላንድ በ2020 ይሄን ባህል ከራሷ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች።

አራት ቻናል አይበቃም የሚል ካለ አዝማሪ ቤት ገብቶ አያውቅም። አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ዋሽንት። ሞላ! እኔም ቻናል መጨመር እየቻልኩ አራቱ ላይ ቆምኩ።

ክራሩ የአጎቴ ነው። እሁድ ቀን መብራት ሄዶ ሰፈሩ ጸጥ ሲል በስልኬ ቀዳሁት። አንድ ክር፣ አንድ ምት። ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼ ፊቱ ላይ ያለውን ዝምታ ቆረጥኩለት። ከዚያ ያንኑ አንድ ምት ፕሮግራሙ ቀጭንም ወፍራምም እያደረገ ያጫውተዋል። ክራር ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ተመትቶ ራሱ ይሞታል። ማሲንቆው ነው ያስለቀሰኝ። ማሲንቆ አይቋረጥም፣ ስለዚህ ከድምፁ ትንሽ ቁራጭ እየደጋገመ እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ካልሰመረ በየዙሩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ሁለት ምሽት ታገልኩት። መጨረሻ ላይ ፋይሉን ሞድ ከሚባለው የአሚጋ ዓይነት ኤክስኤም ወደሚባለው የፋስት ትራከር 2 ዓይነት ቀየርኩትና ቁራጩ ወደፊትና ወደኋላ እንዲመላለስ አደረግኩት። ቋታው ጠፋ። እንደውም ማሲንቆው የሚንሰቀሰቅ መሰለ።

ትልቁ ችግር ግን ምቱ ነው። ይሄ ነገር የተሠራው በአራት ለሚቆጥር ሰው ነው። አንዱ ገጽ፣ ፓተርን የሚሉት፣ 64 ረድፍ አለው። የእኛ ችክችካ ደግሞ በስድስት ነው የሚሄደው፤ 64 ለስድስት አይካፈልም። አንድ ዙር 12 ረድፍ አድርጌ አራት ዙር ስቆጥር 48 ሆነ። ስለዚህ 48ኛው ረድፍ ላይ «ዲ00» የሚል ትእዛዝ አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ ገጽ መዝለል ነው። ከዜሮ ስለሚቆጥር 47 የሚለውን ረድፍ ፍለጋ ወረድኩ። ገጹ 3ኤፍ ላይ አለቀብኝ! የሚቆጥረው በአሥራ ስድስት እንደሆነ፣ ከ9 ቀጥሎ ኤ፣ ቢ እያለ እስከ ኤፍ እንደሚሄድ ያስረዳኝ ያው የሳቀብኝ ወንድሜ ነው። 47 ማለት 2ኤፍ ነው። (ኤክስኤም ላይ ገጹን ራሱን ማሳጠር ይቻላል። ይሄን ያወቅኩት ከረፈደ ነው።)

ፍጥነቱም ግራ ያጋባል። ሲከፈት 125 እና 6 ይላል። በዚህ ልክ ሰዓቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል፤ የአውሮፓ ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 ጊዜ ምስሉን ስለሚያድስ ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። 6 ማለት አንድ ረድፍ ስድስት ምት ይቆያል ማለት ነው። ስለዚህ ይሄኛው ቁጥር ሲያንስ ነው የሚፈጥነው። በ6 ችክችካዬ የሐዘን ቤት ሆነ። ወደ 4 ሳወርደው ትከሻ መጣ።

የድሮዎቹ ሰዎች ብልሃትም ውስጡ አለ። ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ለመምታት ሦስት ቻናል ማባከን ስለማይችሉ፣ አንዱን ቻናል በሦስቱ ድምፆች ላይ ያሯሩጡታል። ከኖታው ጎን 047 ብሎ መጻፍ ነው፦ ራሱ፣ ከሱ አራት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው፣ ሰባት ከፍ ያለው። ያንን የድሮ ጌም ርግብግብታ ያመጣል። ትዝታ ሜጀር ላይ ከመነሻው ድምፅ ስጀምር ጥሩ ተስማማ። አንቺ ሆዬ ላይ ግን አይሆንም፤ ከመነሻው አራትም ሰባትም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። ሞክሬው ማመልከቻ ሊያጽፉ የተቀመጡ አንድ አባት «የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል እንዴ?» አሉኝ።

ሌላ የሚያናድድ ነገር፣ ፋይሉ ገና ሞድ እያለ በአሚጋው ሥርዓት ሁለቱ ቻናል በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ነው የሚወጡት። የኔ ኢርፎን አንዱ ጆሮ ሞቷል። ማሲንቆው የሚወጣው በሞተው ጆሮ በኩል ስለነበር ደምስሼዋለሁ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ደግሞ ሴቭ ማድረግን ልማድ አድርጉት። ሱቃችን ዩፒኤስ የለውም፣ አንዴ መብራት ሲሄድ ሦስት ገጽ ከበሮ ይዞብኝ ሄዷል።

ፊደላችንንም አይቀበልም። ለሳምፕል፣ ማለትም ቀድተን ለምናስገባው ድምፅ፣ ስም 22 የላቲን ፊደል ነው የሚሰጠው። ድሮ ሠሪዎቹ በዚያ ቦታ ሰላምታና መልእክት ይጽፉበት ነበር፤ እኔም በላቲን «ክራሩ የአጎቴ ነው» ብዬ ሞላሁት።

ፋይሉ 90 ኪሎባይት ሆነ። በቴሌግራም ዓይን ሳይርገበገብ ይሄዳል፣ ግን የአጎቴ ስልክ አይከፍተውም። ማንኛውም ስልክ ወደሚያጫውተው የድምፅ ፋይል፣ ወደ ዌቭ፣ ቀይሬ ስልክለት የሦስት ደቂቃው ዘፈን 30 ሜጋ ገባ። ካርድ ሞልቼለት አወረደው። ማታ ደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ ክራሬን ምን አደረግሽው?»

«ምነው አጎቴ?»

«ሦስተኛዋ ክር ትጮኻለች። ወረድ አድርጊያት።»

እውነቱን ነው። ፕሮግራሙ ድምፆቹን እኩል በእኩል ነው የሚከፋፍለው፣ አጎቴ ደግሞ የሚቃኘው በጆሮው ነው። ያንኑ የክራር ድምፅ በሁለተኛ ስም ደግሜ አስገባሁና ቅኝቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተካክለውን ፋይንቲዩን የሚለውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ሦስተኛዋ ክር የምትመታበትን ረድፍ ሁሉ እየፈለግኩ በዚያ ተካሁ። 41 ቦታ ነበር። ነገ መልሼ እልክለታለሁ፣ ካርድ ደግሞ ልሙላለት።