ኪይክሎክ፦ ሠራተኛ ሲገባ ቀላል፣ ሲወጣ ግን ጥንቃቄ የሚሻ

ኪይክሎክ አንድ ሠራተኛ ጠዋት አንዴ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ኢሜይሉን፣ የሒሳብ ሲስተሙን፣ የሰው ኃይል መዝገቡንና ሌላውንም ሁሉ እንዲከፍት የሚያደርግ የነጠላ መግቢያ ሶፍትዌር ነው። ሬድ ሃት የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ያስጀመረው ፕሮጀክት ሲሆን የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል፤ ከ2023 ጀምሮ የክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ፕሮጀክት ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ በሠራተኛ ቁጥር የሚከፈል የፈቃድ ሒሳብም የለበትም። ወጪው የሚመጣው በሚያስተዳድረው ባለሙያ ጊዜ ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ተከላው ላይ ብዙዎችን የሚያሳስታቸው ቶሎ መነሣቱ ነው። ስታርት-ዴቭ በሚለው ትዕዛዝ ወዲያው ይከፈታል፣ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። ያ ግን የሙከራ አሠራር ነው፦ ያለ ኤችቲቲፒኤስ (ያለ ተመሰጠረ ግንኙነት) ይሠራል፣ መረጃውንም ለሥራ ባልታሰበ ኤች2 በሚባል የፋይል ዳታቤዝ ያስቀምጣል። ለሥራ የሚውለው ስታርት የሚለው ትዕዛዝ ነው፤ ፖስትግሬስኪውኤል ወይም ሌላ የሚደገፍ ዳታቤዝም ከመጀመሪያው ቀን ሊገናኝለት ይገባል። የራሱ መመሪያ ለአንድ ሰርቨር መነሻ አድርጎ የሚይዘው 1250 ሜጋባይት ሜሞሪ ነው፤ በሴኮንድ ለሚገቡ ለእያንዳንዱ 15 ሰዎች ደግሞ 1 ቪሲፒዩ (የፕሮሰሰር ድርሻ)። ፕሮሰሰሩን የሚበላው የይለፍ ቃሉን ሃሽ ማድረጉ (ወደ ኋላ ወደማይፈታ ኮድ መለወጡ) ነው፤ ሆን ተብሎ የከበደ ስሌት ስለሆነ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚገባበት የሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ጫናው ይታያል።

ከፊቱ ፕሮክሲ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ካለ ሆስትኔሙ (ኪይክሎክ የሚከፈትበት አድራሻ) እና የፕሮክሲ ሄደሩ (ፕሮክሲው ከጥያቄው ጋር የሚልከው መግለጫ) በኪይክሎክ ቅንብር ውስጥ መሞላት አለባቸው። ካልተሞሉ ኪይክሎክ ጥያቄው በኤችቲቲፒ የመጣ ይመስለዋል፣ ሊንኮቹንም በዚያው ይሠራቸዋል፣ ብራውዘሩም ያግዳቸዋል። ምልክቱ የአስተዳዳሪው ገጽ ሳይከፈት መሽከርከሩ ነው።

እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ክላየንት ተብሎ ይመዘገባል። አዲሶቹን በኦፕንአይዲ ኮኔክት፣ ሌላ የማያውቁትን አሮጌዎች በሳምል ማገናኘት ነው፤ ሁለቱም የመግቢያ ማረጋገጫ የሚተላለፍባቸው ደንቦች ናቸው። እዚህ ላይ ዘወትር የሚያጋጥመው ኢንቫሊድ ፓራሜተር የሚለው የሪዳይሬክት (ሰው ከገባ በኋላ ወደ አፕሊኬሽኑ የመመለስ) ስሕተት ሲሆን፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበው አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ስላሽ ወይም ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ መለያየታቸው ነው። የቸኮለ ሰው በአድራሻው ቦታ ኮከብ አስገብቶ ይገላገላል። ይህ አደገኛ ነው፦ አጥቂ የመግቢያውን ኮድ ወደ ራሱ ድረ ገጽ እንዲላክ ማድረግ ይችላል። አድራሻው ፊደል በፊደል ይጻፍ።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ድምፅ የለውም። ብዙ አፕሊኬሽኖች ሰውን የሚለዩት በኢሜይሉ ነው። ሠራተኛዋ ስሟን ቀይራ ኢሜይሏ ቢለወጥ አፕሊኬሽኑ አዲስ ሰው ናት ብሎ ባዶ አካውንት ይከፍትላታል። የለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ለአዲስ ሰው ቢሰጥ ደግሞ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ፋይልና ሥልጣን ይወርሳል። መለያው ኪይክሎክ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ሰብ የተባለው የማይለወጥ መታወቂያ እንዲሆን ማድረግ የሚቀለው ሲጀመር ነው፤ አንድ ሺህ አካውንት ከተከፈተ በኋላ ማስተካከል ከባድ ሥራ ነው።

የዚህ ሶፍትዌር ዋጋ የሚለካው ሠራተኛ በሚሰናበትበት ቀን ነው። አስተዳዳሪው የተጠቃሚውን ገጽ ከፍቶ ኢኔብልድ የሚለውን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው እንደገና መግባት አይችልም፣ ቶክኑንም (መግባቱን ለአፕሊኬሽኖች የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ማስረጃ) ማደስ አይችልም። በእጁ ያለው ቶክን ግን ጊዜው እስኪያልፍ ይሠራል፤ ካልተነካ በስተቀር ይህ 5 ደቂቃ ነው፣ ችግር የለውም። ችግሩ ያለው አፕሊኬሽኑ ጋ ነው። ብዙዎቹ ከኪይክሎክ ማረጋገጫ ከተቀበሉ በኋላ የራሳቸውን ኩኪ (ብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጥ የመግቢያ ምልክት) ይሰጣሉ፣ ኩኪውም ለሁለት ሳምንት የተሰጠ ከሆነ ሰውየው ሁለት ሳምንት ሙሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ አካውንቱን ካጠፉ በኋላ ሴሽንስ (ክፍት ያሉ መግቢያዎች) ወደሚለው ገጽ ሄዶ ሁሉንም መዝጋት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚሠራው አፕሊኬሽኑ ባክቻነል ሎግአውትን (ኪይክሎክ ሰውየውን አስወጣ ብሎ በቀጥታ ለአፕሊኬሽኑ የሚልከውን መልእክት) ከደገፈና አድራሻው ከተሞላ ብቻ ነው። የማይደግፍ ከሆነ የኩኪውን ዕድሜ ማሳጠር፣ ለምሳሌ ኪይክሎክ ራሱ ለሴሽን ከሚፈቅደው የ10 ሰዓት ጣሪያ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። አሮጌው የይለፍ ቃል መግቢያ ካልተዘጋና ሠራተኛው ያወጣው ኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ያለ ይለፍ ቃል የሚገባበት ኮድ) ካልተሰረዘ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ፈቃድ አሰጣጡ ላይ ኪይክሎክ ጠንካራ ነው። ሮሎችን (የፈቃድ ዓይነቶችን) ለግሩፕ፣ ሰውን ለግሩፕ መስጠት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በእጅ የተሰጠ ሮል ማንም መልሶ አይነሣውም። ግሩፑ ሁሉ በቶክን ውስጥ ከተጫነ ግን ቶክኑ ይወፍራል፣ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር በተለመደው አሠራሩ ከሚፈቅደው 8 ኪሎባይት የሄደር መጠንም ያልፋል። በዚህ ጊዜ ተራው ሠራተኛ እየገባ ብዙ ግሩፕ ያለው ኃላፊ ብቻ 400 ስሕተት ይደርስበታል። ለእያንዳንዱ ክላየንት የሚያስፈልገውን ብቻ መላክ መፍትሔው ነው። የይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚሞክርን የሚያግደው መከላከያ ከመጀመሪያው ያልበራ መሆኑ ደግሞ በእኛ ዓይን ትልቅ ጉድለት ነው፤ ሪልሙ (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ክላየንቶች የሚቀመጡበት ክፍል) እንደተፈጠረ ይብራ።

ሊነክስ የሚያስተዳድር ሰው የሌለው ድርጅት እንደ ኦክታ ወይም ማይክሮሶፍት ኤንትራ አይዲ ያለውን የመግቢያ አገልግሎት ተከራይቶ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ለታወቁ አፕሊኬሽኖች የተዘጋጀ ማገናኛም ያገኛል። ባለሙያ ላለው፣ የሠራተኞቹም መረጃ ከእጁ እንዳይወጣ ለሚፈልግ ግን ኪይክሎክን ያለማመንታት እንመክራለን። በዓመት ብዙ ጊዜ አዲስ እትም ስለሚወጣና የደህንነት ማስተካከያው በዋናነት ለመጨረሻው እትም ስለሆነ ማሻሻሉን ልማድ ማድረግ ግድ ነው። ዳታቤዙ አስቀድሞ ይቀዳ፦ አዲሱ እትም ሲነሣ ሰንጠረዦቹን ራሱ ይለውጣቸዋል፣ አሮጌው እትም ደግሞ በተለወጡት ላይ አይሠራም። በማሻሻሉ ሰዓት ኪይክሎክ ቢወድቅ የሁሉም በር ይዘጋልና በዋና ዋና አፕሊኬሽኖች ላይ አንድ የአደጋ ጊዜ አካውንት ይኑር፤ የይለፍ ቃሉ ረጅም ሆኖ ታሽጎ ይቀመጥ፣ በተከፈተም ቁጥር ለኃላፊው ማስጠንቀቂያ ይድረሰው።