ኤልም327 ብሉቱዝ መመርመሪያ፦ ለሚንተፋተፍ አሮጌ ቶዮታ ምን ያህል ትረዳለች?

200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ ቪትዝ ወይም ያሪስ ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ሲቆራረጥ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ካንዴላ ቀይር» የሚል ነው። ካልዳነ ቦቢና ይባላል፣ ካልዳነ የቤንዚን ፓምፕ። የሦስት ዕቃ ዋጋ ከወጣ በኋላ ጥፋተኛዋ አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ሆና ትገኛለች። የክብሪት ሳጥን የምታክለው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኘው ኤልም327 ይህን የግምት ሰንሰለት ልትበጥስ ትችላለች። ችግሩ አብዛኛው ገዢ የሚጠቀምባት የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብቦ ኮዱ የጠራውን ዕቃ ለመግዛት ብቻ መሆኑ ነው። ዋጋዋን የምታወጣው ግን ኮድ ላይ ሳይሆን ሞተሩ እየሠራ በምታሳያቸው ቁጥሮች ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ግዢው። ኤልም327 የአንድ የካናዳ ኩባንያ ቺፕ ስም ነበር፤ ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሟል። አሁን በርካሽ የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ቅጂ ነው። ሣጥኑ ላይ 1.5 ወይም 2.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ስላደገ 2.1 ይሻላል ብሎ መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው፤ 2.1 ከሚሉት ቅጂዎች ብዙዎቹ ትዕዛዝ የተቀነሰባቸው ናቸው። በአዲስ መኪና ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። በመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ላይ ግን ይታወቃል፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ኬ መስመር በሚባለው አሮጌ የመገናኛ ሽቦ ስለሚነጋገሩ ልዩ የማስጀመሪያ ትዕዛዝ የሚፈልጉ አሉ፣ የተቀነሰው ቅጂ ደግሞ ትዕዛዙን አያውቀውም። «ከመኪናው ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ አዳፕተሯን ቀይራችሁ ሞክሩ።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ የመኪና መመርመሪያ ሶኬት ላይ ሰክቶ «ይኸው በራች» ቢላችሁ ምንም አላሳያችሁም። ከሶኬቱ 16 ቀዳዳዎች አሥራ ስድስተኛው በቀጥታ ከባትሪ ስለሚመጣ መብራቷ የትም ትበራለች። ማየት ያለባችሁ የሞተሩ ዙር ስልኩ ላይ ሲንቀሳቀስ ነው። አይፎን የያዘ ሰው ደግሞ ተራዋን የብሉቱዝ ዓይነት አይግዛ፣ አትያያዝለትም፤ የዋይፋዩን ወይም ብሉቱዝ ኤልኢ የሚለውን ይጠይቅ። ለአንድሮይድ ተራዋ ትበቃለች፦ በስልኩ ብሉቱዝ ማስተካከያ በ1234 ወይም በ0000 አያይዛችሁ፣ ከዚያ መተግበሪያው ውስጥ ገብታችሁ ትመርጧታላችሁ። ቶርክም ካር ስካነርም የሚባሉት መተግበሪያዎች ለዚህ ሥራ ይሆናሉ።

ሶኬቱ በአብዛኛው ከክሩስኮቱ ሥር፣ በሹፌሩ ጉልበት አካባቢ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ ላይ ግን በተሳፋሪው በኩል ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል እዚያም ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና፣ መኪናው የማፕ ሴንሰር ካለው የማኒፎልድ ግፊቱን (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባበት ቱቦ ያለውን) አንብቡ። ሞተር በቆመበት ይህ ቁጥር የአካባቢው የአየር ግፊት ነው። በጅቡቲ ወደብ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ። ከኢንተርኔት ባገኘው የባሕር ጠለል ሠንጠረዥ የሚመራ ሰው 76 ሲያይ «ሴንሰሩ ሞቷል» ብሎ ደህናውን ይጥላል። ሴንሰሩ ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ያሳነሰው ከፍታው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስታችሁ ውኃው 80 ዲግሪ እስኪያልፍ ጠብቁ። ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አውጡ፦ የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ፣ መተግበሪያዎቹ ፊውል ትሪም የሚሏቸውን። ኮምፒውተሩ ከተለመደው ምን ያህል ጨምሮ ወይም ቀንሶ ቤንዚን እየረጨ እንደሆነ በመቶኛ የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱን ደምሩ። ከ10 በታች፣ በፕላስም በማይነስም፣ ብዙ አያሳስብም። ሚኒሞ ላይ ፕላስ 20 ብሎ ዙሩን 2,500 ላይ ስትይዙት ወደ 5 ከወረደ፣ ያልተለካ አየር በሆነ ቦታ እየገባ ነው። ምክንያቱም በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ስንጥቅ ትልቅ ድርሻ አላት፤ ዙር ሲጨምር ድርሻዋ ይጠፋል። የፒሲቪ ቱቦውን (የሞተሩን ጋዝ መልሶ ወደ ማኒፎልድ የሚወስደውን)፣ የፍሬን ሰርቮ ቱቦውን፣ ከአየር ፊልትሮ ሣጥን ወደ ትሮትል የሚሄደውን የታጠፈ ጎማ እጥፋቱን ከፍታችሁ እዩ። በአሮጌ መኪና ጎማው ከላይ ደህና መስሎ ከሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ ነው የሚሰነጠቀው።

ነገሩ ከተገላበጠ፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ዙር ሲጨምር ማስተካከያው ወደ ላይ ከወጣ፣ ቱቦ አትፈልጉ። ወይ ቤንዚኑ አልደረሰም፣ ወይ የሚገባውን አየር የሚለካው የማፍ ሴንሰር ቆሽሾ አየሩን አሳንሶ እየተናገረ ነው። ማፉ በሁለት ብሎን ይወጣል። ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ይታጠብ፣ ጣትም ጨርቅም አይንካው፣ ደርቆ ይመለስ። ለቤንዚኑ ግን ኤልም327 ዓይን የላትም። የግፊት መለኪያ ነው የሚያስፈልገው፤ ብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ ባለው 1ኤንዜድ ሞተር ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) መሆን አለበት። ፊልትሮው ታንከሩ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ስለሆነ ከታች ተኝቶ የሚፈልገው መካኒክ አያገኘውም።

ስለ ኮዶቹም ጥቂት። ፒ0301፣ ፒ0302 እያለ የሚሄደው የትኛው ሲሊንደር ሚስ እንደሚያደርግ፣ ማለትም በተራው እንደማይነድ፣ ይነግራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ለየሲሊንደሩ ቦቢና ያለው ሞተር ላይ ፍተሻው ነጻ ነው፦ በ10 ቁልፍ የአንደኛውን ቦቢና ፈትታችሁ ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ንዱ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን አቀያይራችሁ ድገሙ። ቦቢናውን ስታወጡ ጫፉ ላይ ዘይት ካለ ከኮፐርኪዮው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን እየወረደ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ሳይቀየር አዲስ ቦቢና ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። የካንዴላው ክፍተት በእነዚህ ሞተሮች 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሱማሌ ተራ ስትገዙ ደግሞ ዴንሶ ወይም ኤንጂኬ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ እውነተኛ እንዳልሆነ አትርሱ፤ አራቱንም አውጥታችሁ አስተያዩ፣ ጽሑፋቸውና ክፍተታቸው ከተለያየ መልሱ።

ፒ0300 (ሚስ የሚያደርገው ሲሊንደር ያልተለየበት) ወይም ፒ0301 ከፒ0171 ጋር አብሮ ሲመጣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፒ0171 «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ነገር ግን አንድ ሲሊንደር ካልነደደ በውስጡ የነበረው ኦክስጅን ሳይቃጠል ወደ ማርሚታ ይወጣል፤ የኦክስጅን ሴንሰሩ ያን አይቶ ቤንዚን አነሰ ይላል። ስለዚህ ውድ የሆነውን የኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት የሚስ ፋየሩን ጨርሱ። ቼክ ኢንጂኑ ዝም ብሎ መብራት ትቶ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ መንዳት አቁሙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩን (የጭሱን ማጣሪያ) ያቃጥለዋል።

ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ፍሪዝ ፍሬም የሚለውን ፎቶ አንሱ። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ በስንት ዙር፣ በስንት ሙቀት እንደነበር ያለው እዚያ ነው፤ «አጥፋ» ስትሉ አብሮ ይጠፋል። ዋጋ ተቀብለው ኮድ ብቻ የሚያጠፉ ቦታዎች የሚያጠፉት መረጃውን ነው።

ሌላው መሣሪያዋ የማታየው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት ነው። ቦቢናውም ካንዴላውም ተቀያይሮ ያው ሲሊንደር ሚስ ማድረጉን ከቀጠለ ወደዚያ ሂዱ። የ1ኤንዜድ መመሪያ 213 ፒኤስአይ ደህና፣ 156 ዝቅተኛ ይላል። ይህም የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደህና ሞተር 160 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም፣ «ሞተር ይውረድ» የሚያሰኝም አይደለም። የሚያሳስበው በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 ፒኤስአይ ከበለጠ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ጉድለቶቿን በአጭሩ፦ በኬ መስመር ላይ ቀርፋፋ ናት፣ አራት ቁጥር ብቻ አውጡ፤ አሥር ካወጣችሁ ስልኩ ላይ ያሉት መርፌዎች ሞተሩን አይከተሉም። ሌሊቱን ተሰክታ ከቀረች ባትሪ ትመጥጣለች፣ በተለይ መኪናው ለሳምንት ከቆመ። ኤቢኤስና ኤርባግ ብዙ ጊዜ አታነብም።

ካርቡራተር ላለው ዲኤክስ ኮሮላ አትግዟት፣ የምትሰካበት ቦታ የለም። በ90ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ኢንጀክተር ያላቸው ኮሮላዎች ኮፈን ሥር ግን ክዳኗ ላይ ዲያግኖሲስ የሚል የተጻፈባት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፍ ስትከፍቱ ቼክ ኢንጂኑ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥርላችኋል። 16 ቀዳዳ ባላቸው ብዙ ቶዮታዎችም አራተኛውንና አሥራ ሦስተኛውን ማገናኘት ያንኑ ያደርጋል። ሽቦው አሥራ ስድስተኛውን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ቫልቮላ ይበላል።