የእናቴን መድኃኒት መስመር ላስያዘችልን ፋርማሲስት

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ይህን አንብቡልኝ።

እናቴ ያልሄደችበት የለም። አንዱ «ዕድሜ ነው» ይላታል። ሌላው «ጨጓራ ነው» ብሎ ሽሮፕ ያሸክማታል። እሷ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ይበርዳታል፣ ድካሙ ከአልጋ አያስነሳትም። በስንት መከራ ደም ተመርምራ የታይሮይድ ማነስ፣ ማለትም አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ ሥራው ሰንፏል ተባለ፤ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። እፎይ አልን። ምን ዋጋ አለው፣ ወራት ብትውጠውም ለውጥ የለም። ስንመለስ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት መጠኑን ጨምሮ ጻፈና «ቀጣይ!» አለ። እንዴት እንደምትወስደው የጠየቃት ሰው የለም። መድኃኒቱን የሸጡልንም አልጠየቁም። ብሩን ግን በደንብ ይቆጥራሉ።

አዲሱን ማዘዣ ይዘን ኮንዶሚኒየሙ ሥር ወዳለችው ትንሽ ፋርማሲ ገባን። ልጅቷ ከባንኮኒው ወጥታ የራሷን ወንበር ለእናቴ ሰጠቻት።

«እማማ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ይቀምሳሉ?»

«ቡና ነዋ! ኪኒኑንም በሱ ነው የማወራርደው።»

አልሳቀችባትም። ፌስታሏን አስከፍታ ስታይ ለአጥንት የታዘዘላት ካልሲየም አለ። እሱንም አብራ ነበር የምትውጠው። ሁለቱም መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ አለችን። ማርከር አንስታ ካርቶኑ ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቡናና ቁርስ 1 ሰዓት ቆይቶ። ካልሲየም 4 ሰዓት ቆይቶ።» እናቴ ለጾሙ ስትጨነቅ «የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፣ ብቻ በራስዎ እንዳያቋርጡት» አለቻት።

አዲሱን መጠን ደግሞ አልሸጠችልንም። ገበያዋን ትታ «ይህን መጀመሪያ ለሐኪም ንገሩ» ብላ መለሰችን። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን፤ በድሮው መጠን ቀጥላ ከ6 ሳምንት በኋላ እንድትመረመር አዘዘ። ቲኤስኤች የሚሉት፣ በደም ምርመራ የሚታይ ሆርሞን ዕጢው ሲሰንፍ ለምን ከፍ እንደሚል ዛሬም አልገባኝም። ብቻ ወርዷል! እናቴም ጋቢውን ጥላ ዕድር መሄድ ጀምራለች፤ እንደ ድሮዋ ከሁሉም ጋር ትከራከራለች።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ውለታሽን ይክፈልልን። እናንተም እዚያው ሂዱ፣ ሰው ላኩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ግን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ማየቷ አይቀርም። ጠዋት ወረፋ ስላለ ከሰዓት ይሻላል።