የሆስፒታል መርከብ ወይስ የሚስዮን ሆስፒታል? ለሐኪሞችና ለነርሶች

በክርስቲያናዊ የሕክምና አገልግሎት ውጭ አገር መሄድ የሚሹ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ በሁለት መንገዶች መካከል ያመነታሉ፤ ወደብ ላይ ቆሞ በሚያክም፣ እንደ ሜርሲ ሺፕስ ድርጅት ባለ የሆስፒታል መርከብ ወይስ እንደ ኬንያው ኪጃቤ ባለ የሚስዮን ሆስፒታል?

ወጪ
መርከብ፦ ደመወዝ የለም። ትኬቱና ሌላው የጉዞ ወጪ ከራስ ወይም ከደጋፊ ነው።
ሆስፒታል፦ ለዓመታት ለሚሄድ ሰው የቤት ኪራይ፣ የጤና መድንና የልጆች ትምህርት ይጨመራል። ደጋፊ ማሰባሰቡ ብቻ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ሥራ
መርከብ፦ ታካሚው ቀድሞ ተመርጦ፣ ቀጠሮ ተይዞለት ይመጣል፤ እንቅርት፣ ቡአ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የዓይን ሞራ።
ሆስፒታል፦ የሌሊት ምጥ፣ የመኪና አደጋ፣ ዘግይቶ የመጣ ቲቢ። በጠባብ ስፔሻሊቲ ብቻ የሠራ ሐኪም እዚህ ይቸገራል።

ፈቃድ
ለሁለቱም ዲፕሎማ፣ የሙያ ፈቃድና የመልካም አቋም ደብዳቤ (ፈቃድ ሰጪው አካል በሙያዎ ቅጣት እንደሌለብዎ የሚመሰክርበት) ያዘጋጁ። ደብዳቤው ቶሎ ስለሚያረጅ መጨረሻ ላይ ያውጡት፤ ብዙዎች በዚህ ይዘገያሉ።

አደጋ
ለታካሚ በዋለ መርፌ ከተወጉ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። የት እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። የመርከብ ትልቁ ድክመት ግን ሌላ ነው፤ መርከቡ ሲሄድ ዘግይቶ የሚያመረቅዝ ቁስል ለአገሬው ሐኪም ይቀራል።

ለማን?
ከሥራ ጥቂት ሳምንት ፈቃድ ለሚያገኝ የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣ ወይም የዋርድ ባለሙያ መርከቡ ይሻላል። ማስተማር ለሚወድና ቋንቋ ለመማር ለሚታገሥ ሆስፒታሉ፤ በተለይ እንደ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ከሆነ።