ሳሚክ ሴጅ ደጋን፦ ለትልቅ እንስሳ አደን የስንት ፓውንዱ ይሻላል?

ሳሚክ ሴጅ ሦስት ቦታ የሚፈታ፣ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱ፣ ከእንጨትና ከፋይበር ግላስ የተሠራ ደጋን ነው። (በአማርኛ ሁለቱንም ቀስት የሚል ስላለ፣ እዚህ ደጋን የሚገተረው፣ ቀስት የሚወረወረው ነው።) ርዝመቱ 62 ኢንች ነው። ክንፎቹ፣ ማለትም ከእጀታው በላይና በታች ያሉት ተጣጣፊ ክፍሎች፣ ከ25 እስከ 60 ፓውንድ፣ በ5 በ5 ልዩነት ይሸጣሉ። እጀታው ያው ሆኖ ክንፎቹን ብቻ በብሎን ፈትቶ መቀየር ይቻላል፤ ይህን ደጋን ከሌሎቹ ለማስቀደም ይህ አንዱ ነገር ይበቃል። ትልቅ እንስሳ ያሰበ ገዢ ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ 60 የሚለውን ያነሳል። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው።

ክንፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አውታሩ እስከ 28 ኢንች ሲገተር ጣት ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። በአንድ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ክንዱ አጠር ብሎ 26 ላይ የሚቆም ሰው 50 ከተጻፈበት ደጋን የሚያገኘው ወደ 45 ገደማ ነው፤ እስከ 30 የሚገትር ደግሞ ወደ 55 ያደርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ሰውየው ነው። ቀላል ደጋን ላይ ረጅም ቀስት ደግኖ፣ ጣቱ ሁልጊዜ በሚያርፍበት በከንፈሩ ጥግ እስኪደርስ ይግተር፤ አጠገቡ ያለ ሰው የቀስቱ ዘንግ ከእጀታው የፊት ጠርዝ ጋር የተገናኘበት ላይ ምልክት ያድርግ። ከጭራው ስንጥቅ እስከ ምልክቱ ያለው የሱ ልክ ነው። ደጋኑ ከተገዛ በኋላ የተንጠልጣይ ሚዛን መንጠቆ አውታሩ ላይ አስገብቶ እስከዚያው ልክ መሳብ እውነተኛውን ፓውንድ ያሳያል፤ የተጻፈው አንዳንዴ በአንድ ሁለት ፓውንድ ይስታል። አውታሩ ሲመለስ በቀስታ ይሁን፤ ቀስት ሳይኖር መልቀቅ ክንፍ ይሰነጥቃል።

ጣት ላይ 40 ፓውንድ የሚደርስ ደጋን መካከለኛ አጋዘን ለመጣል ይበቃል። ከዚያ ለሚገዝፉት ከ45 እስከ 50 ይመረጣል፣ 55 የሚችል ሰው ካለም አይከፋም። ጎሽና መሰሎቹ፣ ቆዳቸውና ጎድናቸው ወፍራም የሆነ፣ የዚህ ደጋን ሥራ አይደሉም። ዝቅተኛውን ፓውንድ በሕግ የወሰኑ ቦታዎች ስላሉ ፈቃድ ሲጠየቅ ይህም ይጣራ።

60ው ለምን አይሆንም? በመዘውር የሚሠራው ዘመናዊ ደጋን ሙሉ በሙሉ ሲገተር ሸክሙን በአብዛኛው ያቀልላል፤ ይህኛው ግን በጣም የሚከብደው እዚያው ዒላማ ሲታይ ነው። በመዘውሩ 60 የለመደ ሰው እዚህ ከ40 እስከ 45 ቢጀምር አያፍርም። የከበደው ሰው ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ለመግተር ደጋኑን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ከንፈሩ ጥግ ሳይደርስ ይለቃል፣ ሲይዘው ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ኢንች ሳይገተር የተለቀቀ 55 ከሙሉው 50 አይበልጥም፤ ቀስቱም ያሰበበት አያርፍም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ተቀምጦ፣ ሰውነት ሳይሟሟቅ፣ ደጋኑን ሳያነሳ ገትሮ 7 ሰከንድ ያህል መያዝ። ካልቻለ አንድ ደረጃ ይውረድ።

ከፓውንዱ ይልቅ የቀስቱ ክብደት ቸል ይባላል፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ግን እሱ ነው። ለትልቅ እንስሳ በእያንዳንዱ ፓውንድ ከ10 እስከ 12 ግሬን ይታሰባል። ለ50 ፓውንድ 550 ግሬን፣ ማለትም 36 ግራም ገደማ፣ ጥሩ ነው። ከባድ ቀስት ከደጋኑ ኃይል ብዙውን ይወስዳል፣ ድምፁም ይቀንሳል፤ በፓውንድ ከ8 ግሬን በታች የወረደ ቀስት ግን ክንፉን ይጎዳል። ጫፉ ሁለት ስለት ያለው፣ ጠንካራና በደንብ የተሳለ ይሁን። ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ራሱ ኃይል ስለሚበላ ለዚህ ደጋን አይመከርም። ርቀቱም 20 ሜትርን አይለፍ።

ደጋኑ እንከን አልባ አይደለም። 62 ኢንች ከ29 በላይ ለሚገትር አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ ድንገት ይከብዳል፣ ጣትንም ይቆነጥጣል። አውታሩ ሁልጊዜ በማስገቢያ ገመድ ይግባ፤ በጉልበት ማጠፍ ክንፉን ያጣምመዋል። ከእጀታው እስከ አውታሩ ያለው ርቀት ከ7.5 እስከ 8.25 ኢንች መሆን አለበት፤ ካነሰ አውታሩን ይበልጥ በመጠምዘዝ ይጨምራል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ የተጣበቁትን ንብርብሮች ያላቅቃል።

የሚያዋጣው የግዢ መንገድ እጀታውን ከ35 ፓውንድ ክንፍ ጋር ወስዶ ጥቂት ወራት መለማመድ፣ ከዚያ የ45 ወይም የ50 ክንፍ መጨመር ነው። ክንፉ ሲቀየር ቀስቱም አብሮ ይታይ፦ ለ35 የተስማማ ዘንግ ለ50 ይለሰልሳል፣ ማለትም ከሚገባው በላይ ይተጣጠፋል። ላባ የሌለው ቀስት በ10 ሜትር ተወርውሮ፣ ለቀኝ እጅ ተኳሽ ከባለላባው ወደ ቀኝ ካረፈ ዘንጉ ለስልሷል፣ ወደ ግራ ካረፈ ደርቋል።