ዘጠኝ ወር በእጄ የከረመው ስማርት ሰዓት፤ የተባለለትና የሆነው

ሰዓቱን የገዛሁት ዜና አንብቤ ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ከእንግዲህ የሰውን እንቅልፍ፣ ጭንቀትና የልብ ጤንነት ሌት ተቀን እንደሚከታተል ዜናው ይናገር ነበር፤ "አብዮት" የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ሊያጠራጥረኝ ሲገባ ጭራሽ አጓጓኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገላዬን ስታጠብና ባትሪውን ስሞላ ካልሆነ በቀር ከእጄ አላወለቅሁትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዓቶች የወጡትን ዜናዎች እየተከታተልሁ፣ የተባለውን እጄ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ልማድ ሆኖብኛል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር በአብዛኛው የአንድ ድርጅት ጥፋት ሳይሆን የመሣሪያው ዓይነት ጠባይ ነውና።

አስቀድሞ መነገር ያለበት ሰዓቱ በእርግጥ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን የሚፈነጥቁ ጥቃቅን መብራቶች አሉት፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም ሲበዛ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ደሙ ሲያንስ ደግሞ ይጨምራል። ሴንሰሩ ይህን ከፍና ዝቅ ማለት ይቆጥራል። ከዚህ ሌላ የእጅን እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር አለው። በስክሪኑ ላይ የሚደረደረው የቀረው ነገር፣ የእንቅልፍ ደረጃውም፣ የጭንቀት ነጥቡም፣ የተቃጠለው ካሎሪም፣ ባመዛኙ ከእነዚህ ሁለት ምንጮች ተነሥቶ በስሌት የሚደረስበት ግምት ነው። ዜናዎቹ ግን "ይገምታል" ማለት አይወዱም፤ "ይለካል" ይላሉ።

ዐርፌ በተቀመጥሁበት ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ስቆጥርና ከሰዓቱ ጋር ሳስተያይ፣ ልዩነታችን ከሁለት ምት አልፎ አያውቅም። በዚህ በኩል ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ስሮጥ ግን ሌላ ሰዓት ይሆናል፤ ክንዴ በተወዛወዘ ቁጥር ብርሃኑም ስለሚናወጥ የእርምጃዬን ምት የልቤ ምት አድርጎ ይይዘውና፣ ገና ሰውነቴ ሳይሞቅ 168 ብሎ ያስደነግጠኛል። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ ከአንጓው አጥንት ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ችግሩን ግን ጨርሶ አያጠፋውም።

አንድ ምሽት፣ ሰዎች ሲያወሩት የሰማሁትን ሙከራ በዓይኔ ለማየት ሰዓቱን በሶፍት ጥቅል ላይ አሰርሁት። አረንጓዴው ብርሃን ጥቂት ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ የሶፍቱ የልብ ምት 81 መሆኑን ነገረኝ። ሙከራውን ደጋገምሁት፤ ከአምስቱ በሦስቱ ምንም አላገኘም፣ በሁለቱ ግን ጥቅሉ በሙሉ ጤንነት ላይ ነበር። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ ነጭ ወረቀት ብርሃን ይመልሳል፣ ስሌቱ ደግሞ በሚመለሰው ብርሃን ውስጥ ምት እንዲፈልግ ሆኖ ተሠርቷል፤ አጥብቆ የሚፈልግ ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ አይሆንለትም። ከዚያ ወዲህ "አዲሱ አልጎሪዝም እንዲህ ያለ ነገር አገኘ" የሚል ርዕስ ባነበብሁ ቁጥር ያ ጥቅል ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ካሎሪን በሚመለከት ብዙ አልናገርም። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትሹ፣ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለክተዋል፤ በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ፣ የባሰው በ93 በመቶ ስቷል። የእኔው ሰዓት ይህን ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ "417 ካሎሪ አቃጥለዋል" ይለኛል። ከሁሉ የምትገርመኝ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ሰባት ናት።

እርምጃ ቆጠራው በቀጥታ መንገድ ላይ የሚያስመሰግን ነው፤ ልብስ በእጄ ሳጥብ የቆምሁበት ሳልነቃነቅ 600 እርምጃ ያስቆጠረኝ ሲሆን፣ ጋሪ እየገፋሁ የተጓዝሁትን ደግሞ እጄ ስላልተወዛወዘ እንዳልሄድሁ ቆጥሮታል። ይበልጥ የሚያስቀኝ ግን ግቡ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ በቀን 10,000 እርምጃ ተብሎ ተሞልቶ ነበር፤ ይህ ቁጥር ከሕክምና ጥናት የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተስፋፋው ግን በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ "ማንፖ ኬይ" ከተባለ እርምጃ ቆጣሪ ነው፤ ስሙም "የ10,000 እርምጃ መለኪያ" ማለት ነው። ማስታወቂያ ሳይንስ ለመሆን ከዕድሜ በቀር የጎደለው ነገር አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ወደ 16,700 ገደማ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት፣ እርምጃ ሲጨምር የሞት አደጋው እየቀነሰ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ቅናሹ እንደሚቆም አሳይቷል። እኔም ግቤን ወደ 7,500 ዝቅ አደረግሁት፤ ስክሪኑ ላይ የሚፈነዳው ርችት ያው ነው፣ ቅር ያለውም አይመስልም።

ገንዘቤን ያወጣሁት ለእንቅልፉ ስለነበር በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የእንቅልፍ ደረጃ የሚለየው በአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ፣ በዓይን እንቅስቃሴና በአገጭ ጡንቻ ውጥረት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዘገበበት በ1924 እ.ኤ.አ. ሞገዱን የሚቀበለው ኤሌክትሮድ የተቀመጠው ራስ ላይ ነበር፤ በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ዛሬም እዚያው ነው። አንጓ ላይ ያለ ሰዓት ግን አለመንቀሳቀሴንና የልቤን መርጋት አይቶ የቀረውን ይሞላዋል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ በግራ እጄ ስልኬን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ የእንቅልፍ ቴክኖሎጂ የደረሰበትን ከፍታ የሚያትት ረጅም ጽሑፍ ሳነብ ቆየሁ። ጠዋት አፑን ስከፍት ያንን ጊዜ "1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቀላል እንቅልፍ" ብሎ መዝግቦልኛል። ጽሑፉ አሰልቺ እንደነበረ ባልክድም፣ እስከዚያ ድረስ ግን አልነበረም።

የባሰው ግን ስሕተቱ ሳይሆን እኔ ስሕተቱን ማመኔ ነው። በሦስተኛው ወር ግድም በደንብ ተኝቼ፣ ሰውነቴ ቀልሎኝ እነሣና፣ "የእንቅልፍ ነጥብ 58" የሚለውን ሳይ ወዲያው ይደክመኛል። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ኋላ ተረዳሁ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ፣ እንቅልፋችሁ ጥሩ ነበር የተባሉ ተማሪዎች፣ በእርግጥ የተኙት ምንም ይሁን ምን፣ በአእምሮ ፈተና ላይ የተሻለ እንደሠሩና፣ መጥፎ ነበር የተባሉት እንዳሽቆለቆሉ አሳይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች መሣሪያቸው ፍጹም የሆነ እንቅልፍ እንዲያሳያቸው ሲጨነቁ እንቅልፍ የሚያጡትን ሰዎች ሁኔታ "ኦርቶሶምኒያ" ብለው ሰይመውታል። እንቅልፍን ለማስተካከል የተገዛ መሣሪያ ለአዲስ የእንቅልፍ ችግር ስም አስገኝቷል ማለት ነው፤ አብዮት የተባለው ይህ ከሆነ አልከራከርም።

በአምስተኛው ወር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተደገፈ የተባለ የሶፍትዌር ማሻሻያ መጣ። በተከታዮቹ ሁለት ሳምንታት አማካይ የእንቅልፍ ነጥቤ ከ71 ወደ 79 አደገ። ፍራሹ ያው፣ ትራሱ ያው፣ የምተኛበትና የምነሣበት ሰዓት ያው፣ ሌሊት የሚጮኸው የጎረቤት ውሻም ያው ነው። የተሻሻለው ማን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። የጭንቀት መለኪያውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቁም ሣጥን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ "ረጋ ብለው ይተንፍሱ" ያለኝ ሰዓት፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደም የሚያፈላ ደብዳቤ ሳነብ "ዘና ብለዋል" ብሎኛል።

የደም ኦክስጅን የሚለካው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በማነጻጸር ነው፤ መንገዱን ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰበት ሲሆን፣ ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያ ብርሃኑን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ሰዓት ግን ከአንጓ ተንጸባርቆ በተመለሰው ብርሃን መጠቀም አለበት። አንድ ሌሊት ክንዴን ተጫጭኜ ተኝቼ 88 በመቶ ብሎ አስደነገጠኝ፤ ከዘመድ ተውሼ ጣቴ ላይ ያደረግሁት 97 አለ። የጣቱም ቢሆን ፍጹም እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት የሆስፒታል መለኪያዎች የኦክስጅን እጥረትን በጥቁር ታካሚዎች ላይ ሳያዩ የሚያልፉት ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን መሆኑን አመልክቷል። ሰዓቱን ከሚያሞግሱት ዜናዎች ይህን ጨምሮ የጻፈ አላጋጠመኝም።

ቀልድ የማይገባበት ጉዳይ የደም ስኳር ነው። ያለ መርፌ ስኳር የሚለካ ሰዓት "በቅርቡ" እንደሚመጣ በየዓመቱ እናነባለን፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. "ግሉኮዋች" የተባለ ሰዓት በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ በደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ፈሳሽ ከቆዳ እየሳበ ይለካ ስለነበር ቆዳ ያስቆጣ ነበርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ጠፋ። በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ሳይበሱ በራሳቸው ስኳር እንለካለን በሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል፤ አንድም እንዲህ ያለ ፈቃድ የተሰጠው መሣሪያ እንዳልነበረም ገልጿል። ግራ የሚያጋባው፣ ከቆዳ ሥር በሚገባ ቀጭን ሴንሰር ስኳር የሚለካ ሌላ መሣሪያ መኖሩና ቁጥሩን ወደ ሰዓት ስክሪን መላክ መቻሉ ነው፤ ርዕስ አውጪው ታዲያ ሴንሰሩን ረስቶ "ሰዓቱ ስኳር ለካ" ብሎ ይጽፋል። በዚህ ተማምኖ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ጥርጣሬዬ የተረታበትን ቦታ ደብቄ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው፣ ከ419,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ያልተስተካከለ የልብ ምት አለብህ የሚል ማስጠንቀቂያ ከሰዓታቸው የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ደረት ላይ የሚለጠፍ መመዝገቢያ አድርገው ከመለሱት በ34 በመቶዎቹ ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ተገኝቷል። መዛባቱ ዘወትር ሳይሆን ብቅ ጥልቅ የሚል ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር የቀሩት በሐሰት ደነገጡ ማለት አይደለም። ከእጅ አንጓ ለሚመነጭ መረጃ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰዓቱ የሚያየውን ምት ራሱን ስለሚጠቀምም ከግምት ይልቅ ወደ ልኬት የቀረበ ነው። እኔ በዘጠኝ ወር አንድም ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም፤ ከዚህ ተነሥቼ ልቤ ደህና ነው ብል የእንቅልፍ ነጥቡን ያመንሁበትን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ስለ ዕቃው ራሱ ያለኝ ቅሬታ ጥቂት ነው። የጎማ ማሰሪያው በሁለተኛው ወር ቆዳዬን ስላቀላው በጨርቅ ለወጥሁት፤ መስታወቱ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ ቻርጀሩ ለእሱ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ረስቶት የሄደ ሰው ባዶ ስክሪን አስሮ ይመለሳል። ባትሪው 14 ቀን ይቆያል ተብሎ ሁሉም ነገር በርቶ ስድስት ቀን ነበር የሚቆየው። ባለፈው ወር የጭንቀት፣ የእንቅልፍ ደረጃና የሌሊት ኦክስጅን ክትትሉን አጥፍቼ የልብ ምቱን፣ የምት መዛባት ማስጠንቀቂያውንና እርምጃውን ብቻ ሳስቀር 11 ቀን ደረሰ። የቀሩትን ሦስት ቀናት የሚያገኘው፣ እንደሚመስለኝ፣ ሰዓቱን ከሳጥኑ ያላወጣው ሰው ነው።